ውዘሪንግ ሃይትስ ፊልም ሲሆን ግማሹ የት ይገባል?

ቡና_እና_ገጽ፦

ሰላም ቤተሰብ። ትናንት ማታ የ1939ኙን "ውዘሪንግ ሃይትስ" አይቼ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ዊልያም ዋይለር ያዘጋጀው፣ ሎረንስ ኦሊቪዬ ሂትክሊፍን፣ ሜርል ኦቤሮን ካትሪንን ሆነው የሠሩበት ነው። የኤሚሊ ብሮንቴን መጽሐፍ ከጨረስኩ ገና ሳምንት አልሞላኝም፣ ሁሉም ነገር ትኩስ ነው። ፊልሙ መጀመሪያ ላይ ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ ካትሪን ሞተች፣ ሂትክሊፍ መንፈስሽ አይለየኝ ብሎ ለመነ፣ ትንሽ ቆይቶ ሁለቱም መንፈስ ሆነው በረዶው ላይ ጎን ለጎን ሲሄዱ ታዩ፣ በቃ አለቀ።

እንዴት አለቀ? መጽሐፉ እኮ 34 ምዕራፍ ነው። ካትሪን የምትሞተው 16ኛው ላይ ነው። 18 ምዕራፍ የት ገባ?

ላላነበባችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ። ሂንድሊ የሚባለው የካትሪን ወንድም አባቱ ከመንገድ አንስቶ ያመጣውን ሂትክሊፍን በልጅነቱ አዋርዶ፣ እንደ አሽከር አድርጎ ነው ያሳደገው። ሂትክሊፍ ሀብታም ሆኖ ሲመለስ ብድሩን የሚከፍለው በሂንድሊ ልጅ በሄርተን ነው፤ ፊደል ሳያስቆጥር፣ በገዛ አባቱ ቤት የእርሻ ሠራተኛ አድርጎ ያሳድገዋል። ካትሪን ከሌላ ሰው የወለደቻትን ልጅ ካቲን ደግሞ ቤት ቆልፎባት ሊሞት የተቃረበውን የራሱን ልጅ እንድታገባ ያስገድዳታል፣ ርስቱን በእጁ ለማስገባት። ሁለተኛው ግማሽ ይሄ ነው። ፍቅር ብቻ ሳይሆን ርስት፣ ቂም፣ የአባት ዕዳ በልጅ።

አንጀቴን የበላኝ ቦታ ደግሞ አለ። የቤቱ በር ላይ "ሄርተን ኧርንሾ" የሚል ስምና 1500 የሚል ዓመት ተቀርጿል። የአያት የቅድመ አያቱ ስም ነው፣ የሱም ስም ነው። ልጁ በየቀኑ ከሥሩ ይገባል ይወጣል፣ ማንበብ ግን አይችልም። አንድ ቀን እንደ ምንም ተምሮ ለካቲ ስሙን ያነብላታል። "ቁጥሩስ?" ስትለው "እሱን ገና አላወቅሁትም" ይላል። ትስቅበታለች። በኋላ ራሷ ናት አጠገቡ ቁጭ ብላ ማንበብ የምታስተምረው። ይሄን የሚያህል ነገር ከፊልሙ እንዴት ይወጣል? ሙሉውን የሠራ ሰው ካለ ንገሩኝ። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።)

አምፒር_በረንዳ፦

እህቴ ሐዘንሽ ገብቶኛል፣ ግን ለዋይለር ትንሽ ልሟገትለት። ፊልሙ ሁለት ሰዓት እንኳን አይሞላም። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሁለት ትውልድ ላስገባ ቢል የአንዱም ፊት አይታወስሽም ነበር። ሲኒማ መምረጥ አለበት። እሱ ሁለቱን ሰዎች መረጠ፣ ከመረጠ በኋላ ደግሞ አሳምሮ ሠራቸው። የግሬግ ቶላንድን ካሜራ ተመልከቺ፣ የሻማው ብርሃን፣ ጥላው፣ በመስኮት የሚታየው ነፋስ። የዚያን ዓመት የጥቁርና ነጭ ቀረጻ ኦስካር የወሰደው እኮ እሱ ነው። ያ ሁሉ የእንግሊዝ ኮረብታ የምንለው ደግሞ ካሊፎርኒያ ውስጥ የተቀረጸ ነው።

መጨረሻ ላይ ያሉት መንፈሶች የዋይለር ሐሳብ አይደሉም። ፕሮዲውሰሩ ሳሙኤል ጎልድዊን ሬሳ ላይ የሚያልቅ ፊልም አልፈልግም ብሎ አስጨመራቸው፣ ዋይለር አልቀርጽም ስላለ በሌላ ሰው፣ ከጀርባ በሚታዩ ምትክ ተዋንያን ነው የተሠራው። ስለዚህ መጨረሻው ካናደደሽ የምትወቅሽው ሌላ ሰው ነው።

የቋንቋ_መምህር፦

ጥሩ ክር ነው፣ በርቱ። ልጄ የጠቀሰችው የምዕራፍ ቁጥር ትክክል ነው፣ አንድ ነገር ልጨምርበት። መጽሐፉ በታኅሣሥ 1847 ሲወጣ በሁለት ቅጽ ነበር። ሦስተኛው ቅጽ የእህቷ የአን ብሮንቴ "አግነስ ግሬይ" ነበር፣ አብረው ነው የታተሙት። የውዘሪንግ ሃይትስ አንደኛ ቅጽ 14 ምዕራፍ፣ ሁለተኛው 20 ምዕራፍ ነው። እና ፊልሙ ያሳየን አንደኛውን ቅጽና የሁለተኛውን መግቢያ ነው ማለት ይቻላል። ኤሚሊ ብሮንቴ ትልቁን ክፍል የሰጠችው ለኋለኛው ነው። ይሄ ጭራ አይደለም፣ የታሪኩ አካል ነው።

ሙሉውን ለጠየቅሽው፦ ቢቢሲ በ1978 በአምስት ክፍል ሠርቶታል። በ1992 ፒተር ኮስሚንስኪ ባዘጋጀው ፊልም ሁለተኛው ትውልድ አለ፤ ሬፍ ፋይንስ ሂትክሊፍ ነው፣ ጁልየት ቢኖሽ ደግሞ እናትም ልጅም ሆና ትጫወታለች። በ2009 ቶም ሃርዲ የሠራበት የአይቲቪ ባለ ሁለት ክፍሉም ልጆቹን አልተዋቸውም፣ እንዲያውም ታሪኩን የሚጀምረው ከእነሱ ነው።

ቡና_እና_ገጽ፦

መምህር እግዜር ይስጥልኝ። ሁለት ቅጽ መሆኑን አላውቅም ነበር። የ1992ቱን ዛሬውኑ እፈልገዋለሁ።

አምፒር፣ የሚቆረጥ ነገር እንዳለ አላጣሁትም። የከፋኝ የሚቆረጠው ሁልጊዜ ያው መሆኑ ነው። ፍቅሩ ይቀራል፣ ገንዘቡና ርስቱ ይወጣል። ሂትክሊፍን ሙሉ ሰው ያደረገው ጭካኔው እኮ ነው። ሁለተኛውን ግማሽ ስታወጣው ልቡ የተሰበረ ቆንጆ ልጅ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ሕፃን ልጅ ሆን ብሎ መሃይም አድርጎ ያሳደገውን ሰውዬ ማንም አያየውም።

ሲልቨር_ስፕሪንግ_ማታ፦

ከሥራ ገብቼ ሳነብ ነው ያደርኩት፣ ዝም ብዬ ልተኛ አልቻልኩም። ቡና ያለችው ነገር የቻርሎት ብሮንቴ "ጄን ኤር" ላይም አለ! የ1943ቱን አይታችኋል? ኦርሰን ዌልስና ጆን ፎንቴን። ልጅነቷ ያምራል፣ ትንሿ ኤልሳቤጥ ቴይለር የጄንን ጓደኛ ሄለን በርንስን ሆና ትታያለች። ግን ጄን ከቀጣሪዋ ከሮቸስተር ቤት ከሸሸች በኋላ ያለው፣ ሙር ሃውስ የሚባለው ቤት፣ ከነእህትማማቾቹ ወጥቷል። ሴንት ጆን ሪቨርስ የተባለው ቄስ ደግሞ ዶክተር ተደርጎ ወደ ልጅነቷ ትምህርት ቤት ተዛውሯል።

ታዲያ እዚያ ቤት ውስጥ ምን ይሆናል? ጄን በራሷ እጅ ሠርታ ትኖራለች፣ የመንደር ልጆች ታስተምራለች። ከአጎቷ 20,000 ፓውንድ ትወርሳለች። ገንዘቡን ለአራት ትከፍለዋለች፣ ለሦስቱ የአክስት ልጆቿ አምስት አምስት ሺህ ሰጥታ ለራሷም አምስት ሺህ። ወደ ሮቸስተር የምትመለሰው ከዚህ በኋላ ነው፣ የራሷ ገንዘብ ያላት፣ ማንም የማያዛት ሴት ሆና። ይሄን አውጥተህ በቀጥታ ወደ እሱ ስትመልሳት ቀጣሪዋ ጋ የተመለሰች ሞግዚት ትሆናለች። እኔ እዚህ አገር የመጣሁት የሰው ልጅ ልጠብቅ ነው፣ ስምንት ዓመት ሰው ቤት ሠርቻለሁ፣ ልዩነቱ ምን እንደሆነ ማንም እንዲነግረኝ አልፈልግም።

በዚህ በኩል የ2011ዱ ይሻላል፣ የኬሪ ፉኩናጋው። ከመሐል ነው የሚጀምረው፣ ጄን እያለቀሰች ሜዳው ላይ ስትሸሽ። ሙር ሃውስን መቆረጥ የማይቻል አድርጎታል፣ ሌላው ሁሉ ትዝታ ሆኖ የሚመጣው ከዚያ ቤት ነው። ብልህ ሥራ ነው። ለልብ ግን የ2006ቱን የቢቢሲ አራት ክፍል እመርጣለሁ፣ ሩት ዊልሰንና ቶቢ ስቲቨንስ። ደግሞ "ፕራይድ ኤንድ ፕሬጁዲስ" የ1995ቱ ስድስት ክፍል አንድም ነገር ሳይጎድልበት እንዴት እንደቻለ እዩ፣ የቪክቶሪያ ዘመን ድርሰት ተከታታይ ሲሆን ነው የሚያምረው።

የቋንቋ_መምህር፦

ስለ ጄን ውርስ ያልሽው ልቤን ነክቶታል፣ ልጄ። ለክፍል ውስጥ ትምህርት እንኳ እንደዚህ አድርጌ አስረድቼው አላውቅም።

አንድ እርማት ብቻ፦ ጄን ኦስተን የቪክቶሪያ ዘመን ደራሲ አይደለችም። ያረፈችው በ1817 ነው፣ ቪክቶሪያ የነገሠችው በ1837። ብዙ ሰው የሚቀላቅለው ቀሚሱና ሠረገላው ስለሚመሳሰልበት ነው። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። የኦስተን መጽሐፍ አጭርና የተጠቀለለ ነው፣ ስድስት ክፍል ይበቃዋል። የዲከንስ ሌላ ነው። "ብሊክ ሃውስ" ከመጋቢት 1852 እስከ መስከረም 1853 በየወሩ በቀጭን ጥራዝ እየወጣ በ19 ጊዜ ነው የተጠናቀቀው። አንባቢው ወር ጠብቆ ገዝቶ፣ ቤተሰብ ሰብስቦ እያነበበ፣ ቀጣዩ ምን ይሆን እያለ ነው የሚቆየው። ይሄን የመሰለ ሥራ ሁለት ሰዓት ውስጥ አይገባም።

በ2005 ቢቢሲ ያደረገው ወደዚያ የቀረበ ነው። አንድሩ ዴቪስ በ15 ክፍል ጻፈው፤ የመጀመሪያው አንድ ሰዓት፣ የቀሩት ግማሽ ግማሽ ሰዓት። በሳምንት ሁለቴ፣ ኢስትኤንደርስ የሚባለው የዘወትር ድራማ ካለቀ በኋላ ይተላለፍ ነበር። ተመልካቹ የቱርክ ድራማ እንደሚጠብቅ ሰው ነበር የሚጠብቀው። ጂሊያን አንደርሰን ሌዲ ዴድሎክን ሆና የሠራችውን ካላያችሁ እዩ፣ ፊቷ ላይ አንድ ነገር ሳይንቀሳቀስ ሁሉን ነገር ትናገራለች።

ሲልቨር_ስፕሪንግ_ማታ፦

መምህር ስለ ኦስተን አመሰግናለሁ፣ ሁልጊዜ አንድ ዘመን ይመስለኝ ነበር። ብሊክ ሃውስን የዕረፍት ቀኔ ላይ እጀምራለሁ።

አምፒር_በረንዳ፦

መምህር፣ ረጅም መሆን ብቻውን አያድንም ብል ይቅር ይበሉኝ። የዴቪድ ሊን "ግሬት ኤክስፔክቴሽንስ"ን ይውሰዱ፣ የ1946ቱን። ከሁለት ሰዓት ያልራቀ ፊልም ነው። ብዙ ነገር ወጥቶበታል። ግን መጀመሪያውን ያየ ሰው ዕድሜውን ሙሉ አይረሳውም፦ ትንሹ ፒፕ መቃብር ቦታ ላይ፣ ነፋሱ፣ የዛፎቹ ሲጥሲጥታ፣ ዞር ሲል ያ እስረኛ አፈፍ። እኔ ልጅ ሆኜ ነው ያየሁት፣ ጮኼያለሁ።

መጨረሻው ላይ ደግሞ ሊን የደራሲውን ትቶ የራሱን ሠራ። መጽሐፉ ውስጥ በሰርጓ ቀን ተከድታ ቤቷን ዘግታ የኖረችው የሚስ ሃቪሻም ቤት ፈርሶ ፒፕና ኤስቴላ የሚገናኙት ባዶው ግቢ ውስጥ ነው። ፊልሙ ላይ ቤቱ አለ፣ ኤስቴላ እዚያው ጨለማ ውስጥ ልትቀመጥ ስትል ፒፕ መጋረጃውን ቀዳዶ ይጥለዋል፣ ብርሃን ይገባል። ያ ሁሉ ዓመት የቆመ ሰዓት፣ የሸረሪት ድር፣ የሰርግ ኬክ፣ በአንድ እጅ መጎተት ተገለጠ። ዲከንስ ራሱም እኮ መጨረሻውን ለውጧል። መጀመሪያ እንዲለያዩ አድርጎ ጽፎት ነበር፣ ወዳጁ ቡልወር ሊተን መክሮት ነው የቀየረው። ደራሲው ከቀየረ ፊልም ሠሪው ቢቀይር ምን ነውር አለው? ጥያቄው ምን አወጣህ ሳይሆን በምትኩ ምን ሰጠኸን ነው።

ቡና_እና_ገጽ፦

ይሄኛው አሳመነኝ። የመጋረጃው ነገር የመጽሐፉን ሐሳብ ይዞ ነው የተለወጠው። የ1939ኙ ግን ሄርተንን አውጥቶ በምትኩ የሰጠን ሁለት መንፈስ ነው፣ እሱ አይተካውም።

ጉዞ_ሰሜን፦

ሰላም ለሁላችሁም። የምኖረው ሊድስ ነው፣ ስለዚህ ይሄ ክር ሠፈሬ ነው ማለት ይቻላል። ብሮንቴዎች ያደጉበት ሃዎርዝ ከኛ ሩቅ አይደለም። በባቡር ኪትሊ ድረስ ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው፣ ከዚያ አሮጌ የእንፋሎት ባቡር አለ። የቄስ አባታቸው ቤት ዛሬ ሙዚየም ነው። ከዚያ በእግር ወደ ላይ ስትወጡ ቶፕ ዊደንስ የሚባል የፈረሰ የእርሻ ቤት አለ፣ ሰው ሁሉ ውዘሪንግ ሃይትስ ይሄ ነው ብሎ የሚሄድበት። ግድግዳው ላይ የብሮንቴ ማኅበር በ1964 ያስቀመጠው ጽሑፍ አለ፦ ሕንፃው ሙሉ በነበረ ጊዜም ኤሚሊ ከገለጸችው ቤት ጋር አይመሳሰልም፣ ቦታው ግን በሐሳቧ ኖሮ ሊሆን ይችላል ይላል። እንደዚህ ያለ ሐቀኛ ጽሑፍ ሌላ ቦታ አላየሁም።

እዚያ ቆሜ ነው አንድ ነገር የገባኝ። ፊልሞቹ ላይ ነፋሱ የፍቅረኞቹ ጌጥ ነው። እዚያ ግን ነፋሱ አያናግርህም፣ አፍህን ያዘጋሃል። ዛፍ የለም። የሚታየው ሣርና አጭር ቁጥቋጦ ነው፣ እኛ ሰሜን ተራሮች ላይ አስታ የምንለው ዘመዱ ነው። ያደግኩት ደባርቅ ስለሆነ ገና ስረግጠው አወቅሁት። ይሄን ብርድ ያሳየኝ የአንድሪያ አርኖልድ የ2011ዱ ፊልም ብቻ ነው። ሙዚቃ የለውም ማለት ይቻላል፣ ንግግሩ ትንሽ ነው፣ ጭቃው፣ ዝናቡ፣ የፈረሱ ጠጉር። እሷም የልጆቹን ታሪክ አልሠራችውም፣ እዚያ ላይ ከቡና ጋር ነኝ። ሂትክሊፍን ግን ጥቁር አድርጋዋለች፣ ልጅ ሆኖ ሶሎመን ግሌቭ፣ ሲያድግ ጄምስ ሃውሰን።

ዝም_ያለ_አንባቢ፦

እሱን ፊልም አላየሁትም ግን እውነቱን ልናገር፣ የድሮ የእንግሊዝ ታሪክ ላይ ጥቁር ሰው ማስገባት የዘመኑ ፖለቲካ አይደለም ወይ? ደራሲዋ ያልጻፈችውን ለምን ይጨምራሉ?

ጉዞ_ሰሜን፦

ወንድሜ፣ ደራሲዋ ጽፋዋለች እኮ። አሮጌው ኧርንሾ፣ የካትሪን አባት፣ ልጁን ያገኘው ሊቨርፑል መንገድ ላይ ነው፣ ማንም የማይረዳው ቋንቋ እያወራ። ጠቆር ያለ፣ ጂፕሲ የሚመስል ይሉታል። ጎረቤቱ ሊንተን ሲያየው ላስካር ይሆን ይላል፣ ላስካር ማለት የሕንድ መርከበኛ ነው። የቤቱ ሠራተኛ ኔሊ ደግሞ ልታጽናናው ስትሞክር አባትህ የቻይና ንጉሠ ነገሥት፣ እናትህ የሕንድ ንግሥት ቢሆኑስ ማን ያውቃል ትለዋለች። ይሄ ለነጭ ልጅ የሚባል ነገር ነው? ታሪኩ የሚካሄደው ከ1801 በፊት ባሉት ዓመታት ነው፣ ሊቨርፑል ደግሞ በዚያን ጊዜ የባሪያ ንግድ ትልቅ ወደብ ነበረች። ምን እንደሆነ በትክክል አልተነገረንም፣ ከነሱ እንዳልሆነ ግን በየገጹ ተጽፏል። ፖለቲካ ካልን ኦሊቪዬን፣ ፋይንስን፣ ሃርዲን፣ አሁን ደግሞ በአዲሱ ከማርጎት ሮቢ ጋር ጄኮብ ኤሎርዲን ማድረጉም ምርጫ ነው።

የድሮ እንግሊዝ ውስጥ ጥቁር ሰው የለም ለሚለው ደግሞ እኛ ኢትዮጵያውያን ከማንም በፊት መልስ አለን። የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ ከመቅደላ በኋላ በ1868 የመጣው እዚህ ነው፣ ንግሥት ቪክቶሪያ ራሷ ታውቀው ነበር። በ1879 ያረፈው ገና በ18 ዓመቱ፣ እዚሁ ሊድስ ሄዲንግሊ ነው። የተቀበረው ዊንዘር ነው። ከኔ ቤት ሄዲንግሊ በአውቶቡስ ይደረሳል። ከባሕር ማዶ የመጣ፣ ወላጅ የሌለው፣ በሰው ቤት የሚያድግ ጠይም ልጅ በዚያ አገር ታሪክ ውስጥ አለ፣ እኛ ስሙን እናውቀዋለን። ያንን ፊልም ሳይ እሱን ሳላስብ ማየት አልቻልኩም።

ዝም_ያለ_አንባቢ፦

ይሄን አላሰብኩትም ነበር። አመሰግናለሁ ወንድሜ። መጽሐፉን ለማንበብ ሞክሬ ያቆምኩት ጆሴፍ የሚባለው ሽማግሌ ሲያወራ ምንም ስላልገባኝ ነው። እንግሊዝኛ ነው ወይስ ምንድን ነው?

የቋንቋ_መምህር፦

የዮርክሸር አነጋገር ነው፣ እንግሊዞችም ይቸገሩበታል። ቻርሎት ብሮንቴ እህቷ ከሞተች በኋላ በ1850 ስታሳትመው የጆሴፍን አነጋገር ለአንባቢ አለስልሳዋለች። ያን እትም ፈልግ፣ ወይም ጆሴፍን እየዘለልክ እለፍ፣ ታሪኩ አይጠፋህም።

ስለ አነጋገር ከተነሳ፣ ለኔ ከምዕራፎቹ ይበልጥ የሚጎድለኝ የኔሊ ድምፅ ነው። መጽሐፉን የምትተርከው እሷ ናት፣ ሠራተኛ ሆና ያየችውን፣ የደበቀችውን፣ የፈረደችውን። ፊልም ላይ መጀመሪያ ትናገራለች፣ ከዚያ ካሜራው ይረከባትና ትረሳለች። የኔ ትውልድ "ፍቅር እስከ መቃብር"ን በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሰምቷል። ወጋየሁ የተራኪውን ቃል ሳይጥል ሁሉንም ሰው ሆኖልናል። ያንን የሰማ ጆሮ ተራኪ ሲጠፋበት ያስታውቀዋል።

ሲልቨር_ስፕሪንግ_ማታ፦

"ኖርዝ ኤንድ ሳውዝ"ንም ጨምሩበት፣ የኤልሳቤጥ ጋስኬልን፣ የ2004ቱን የቢቢሲ አራት ክፍል። ሪቻርድ አርሚቴጅ። መጨረሻው ባቡር ጣቢያ ነው፣ መጽሐፉ ላይ ለንደን ቤት ውስጥ ነው። ቦታው ቢቀየርም የገንዘቡን ነገር አልጣሉትም፦ ማርጋሬት የወረሰችውን ገንዘብ ለቶርንተን ፋብሪካ ላበድርህ ትለዋለች። መጽሐፉ ላይ 18,057 ፓውንድ ብላ እስከ ወለዱ ነው የምትነግረው። ፍቅርና ሒሳብ አንድ ላይ! እንደዚህም ይቻላል ማለት ነው።

ቡና_እና_ገጽ፦

ተመለስኩ። የ1992ቱን አየሁት። ችኮላ አለበት፣ አምፒር ያለው ልክ ነው፣ ሁለት ትውልድ በአንድ ፊልም ይተናነቃል። ግን ልጆቹ አሉ፣ እሱ ብቻ አረካኝ። የ1978ቱን አምስት ክፍል ቀጥዬ እፈልጋለሁ።

ለምን እንደዚህ እንደያዘኝ ደግሞ ልንገራችሁ። አያቴ ፊደል የቆጠረችው በደርግ ጊዜ፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ ልጆች ከወለደች በኋላ ነው። ከዚያ በፊት የምትፈርመው በጣቷ ነበር። ያስተማረቻት ዘማች ልጅ ከእናቴ ብዙም የማትበልጥ ነበረች ትለናለች። መጀመሪያ ያነበበችው የገዛ ስሟን ነው፣ የቀበሌ መታወቂያዋ ላይ። ሳታነበው ስንት ዓመት ኪሷ ውስጥ ይዛው ዞራለች። ሄርተን በሩ ሥር ቆሞ ስሙን ሲያነብ እኔ ያየሁት እሷን ነው። ቅዳሜ ቤቷ እሄዳለሁ፣ ያንን ምዕራፍ ወደ አማርኛ እየመለስኩ አነብላታለሁ።

ጉዞ_ሰሜን፦

እኔም ቅዳሜ ሃዎርዝ ነኝ፣ ዝናብ ካልከለከለኝ። የቶፕ ዊደንስን በር ፎቶ አንስቼ እዚህ እለጥፋለሁ። በላዩ ምንም የተጻፈ ስም የለም፣ ግን ለአያትሽ አሳዪያት።